የጌም ቪዲዮ ጭቃ እንዳይሆንባችሁ፦ ከእህቴ ልጅ ጋር ያስተካከልነው የኦቢኤስ ሴቲንግ

የእህቴ ልጅ ሚኪ ባለፈው ቅዳሜ ፍላሽ ይዞ ከች አለ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት። ስጫወት ጥርት ያለ ነው። ሪከርድ ያደረግኩት ግን ጭቃ ሆነብኝ።»

ጌሙ ጂቲኤ ፋይቭ ነው። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ይዘንባል፣ እሱ ሞተር ሳይክል ይዞ አውራ ጎዳናው ላይ ይበራል። 14 ደቂቃ።

ገና ሳልከፍተው የፋይሉን መጠን አየሁ። 280 ሜጋባይት። ለ14 ሲካፈል በደቂቃ 20 ሜጋባይት ነው። በሽታው እዚያው ታወቀኝ። እኔ የምተዳደረው በሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ከካሜራ የሚመጣልኝ ፋይል በደቂቃ ከ300 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል። ሥራህ ሲሆን ፋይልን በዓይንህ ትመዝናለህ።

ስከፍተው እውነትም ጭቃ ነው። ሞተሩ ሲቆም ምስሉ ይጠራል። ሲነሳ መንገዱ፣ ዛፉና የዝናቡ ጠብታ አብረው ይቦካሉ፤ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆኑ ይፈርሳሉ። ማታውን ላፕቶፑን አስመጣሁትና አብረን ቁጭ አልን። ኮር አይ5 ነው፣ 16 ጊጋ ራም፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1650። የእናንተ ማሽን ከዚህ ቢያንስም ቢበልጥም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚቦካ

ፉል ኤችዲ የሚባለው ምስል 1920 በ1080 ነው፤ አንዱ ፍሬም 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ አለው። በሰከንድ 60 ፍሬም ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሰከንድ 187 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል። በደቂቃ 11 ጊጋ። ተራ ሃርድ ዲስክ አይችለውም፤ ኤስኤስዲም ቢሆን ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ይሞላል። ስለዚህ ኢንኮደር የሚባለው መጭመቂያ ይጨምቀዋል። የሚጨምቀውም በአብዛኛው ካለፈው ፍሬም የተለወጠውን ብቻ እየመዘገበ ነው።

ሰርግ ላይ ሽማግሌ ቆመው ሲመርቁ ለኢንኮደር እረፍት ነው። ከንፈራቸውና እጃቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ከኋላ ያለው መጋረጃ እንዳለ ነው። እስክስታው ሲጀመር፣ ነጠላው ሲውለበለብ፣ ከላይ የሚበተነው ብልጭልጭ ወረቀት ሲወርድ ነው ጉዱ የሚፈላው። ጌም ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እስክስታ ነው። ካሜራው በዞረ ቁጥር ሁሉም ነጥብ ይለወጣል። ዝናብ ሲጨመርበት አስቡት። የእግር ኳስ ጌም የሚጫወት ደግሞ ሣሩን ይይ፤ ኳሱ ወደ ሌላኛው ክንፍ ሲሻገር ሣሩ አረንጓዴ ቀለም ከተቀባ ወለል የማይለይ ከሆነ ቢትሬት፣ ማለትም ለየሰከንዱ ምስል የሚመደበው ዳታ፣ አንሶታል።

ሚኪ ስክሪኑን የሚቀርጽበትን ፕሮግራም፣ ኦቢኤስን፣ የጫነው ከጓደኛው በፍላሽ ወስዶ ነው። የቆየ ቨርዥን ነው፤ ሴቲንጉንም ሲጫን እንደመጣለት ትቶታል። ያ ቨርዥን ይዞት የሚመጣው ቢትሬት 2500 ኪሎቢት ነው። ኢንተርኔቱ ለሚገድበው፣ ላይቭ ለሚያስተላልፍ ሰው የታሰበ ቁጥር ነው። እኛ ግን የምንቀዳው እዚያው ዲስካችን ላይ ነው። ማንም አያስቸኩለንም፤ ምን አስቆጠበን?

በነገራችን ላይ ኦቢኤስ ከ2012 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ክራክ አያስፈልገውም። ከራሱ ድረ ገጽ አዲሱን አውርዱ። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የመጣ ጫኝ ፋይል ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። የሚኪን አጥፍተን አዲስ ጫንን።

የምስሉ ልክ

ሴቲንግስ ውስጥ ቪዲዮ የሚለውን ክፈቱ። ሁለት መጠኖች ታያላችሁ። ቤዝ ካንቫስ የሚለው የስክሪናችሁ ልክ ይሁን። አውትፑት የሚለውም ያው ይሁን። ሚኪ ጋ ካንቫሱ 1920 በ1080 ነበር፤ አውትፑቱ ግን 1280 በ720። ፕሮግራሙ ሳይጠይቀው አሳንሶለት ነበር። ከግማሽ በላይ ነጥብ እዚህች ጋ ተጥሏል ማለት ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ነው ቢትሬቱ ያቦካው።

ስክሪናችሁ 1366 በ768 ከሆነ ግን አውትፑቱን 1920 ማድረግ ጥራት አይጨምርም። ወጥ ላይ ውሃ እንደማብዛት ነው፤ ድስቱ ይሞላል እንጂ አይጣፍጥም። በራሱ ልክ ቅረጹት።

ፍሬም ሬቱ 60 ወይም 30 ይሁን። መኪና፣ ኳስ፣ ተኩስ ያለበት 60 ያምርበታል። ነገር ግን ማሽናችሁ ጌሙን በ45 ፍሬም እየጎተተ የሚያጫውት ከሆነ 60 ላይ መቅረጽ ምንም አይረባም፤ የጎደለውን ፍሬም እየደጋገመ ይሞላዋል፣ ያኛውም ይንቀራፈፋል። ጌሙንም ቀረጻውንም 30 ላይ ቆልፉት። እኩል የሚሄድ 30 ከሚያነክስ 60 መቶ ጊዜ ይሻላል።

የቀለም ሴቲንግ የሚባለውን አትንኩት። ኤንቪ12፣ 709፣ ሊሚትድ ብሎ ይመጣል፤ ይኑር። «ፉል አድርገው፣ ቀለሙ ይደምቃል» የሚል ምክር ሰምቼ እኔም ሞክሬያለሁ። አንዱ ማጫወቻ ጥቁሩን አመድ ያደርገዋል፣ ሌላው ከሰል። ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ አታውቁም።

ማን ይጨምቀው?

አሁን አውትፑት ወደሚለው እንሂድ። ከላይ አውትፑት ሞድ የሚለውን ከሲምፕል ወደ አድቫንስድ ቀይሩት። ሪከርዲንግ የሚል ክፍል ይከፈታል። እዚያ ቪዲዮ ኢንኮደር የሚለው ላይ «እንደ ስትሪሙ ተጠቀም» የሚል ምርጫ ካለ አውጡትና ራሳችሁ ምረጡ።

ኤክስ264 የሚለው ፕሮሰሰሩን ነው የሚያሠራው። በዝግታ ከተሠራበት ጥራቱ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ጌሙም ያንኑ ፕሮሰሰር ይፈልገዋል። በአንድ ምጣድ ሁለት እንጀራ ለማውጣት እንደመሞከር ነው። የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ ኤንቬንክ የሚለውን ምረጡ። ከ2012ቱ የጂቲኤክስ 600 ትውልድ ጀምሮ ካርዶቹ ውስጥ ቪዲዮ ለመጭመቅ ብቻ የተሠራ ራሱን የቻለ ክፍል አለ። ጌሙን የሚስለው ክፍል ሌላ ነው፣ ይሄኛው ሌላ። ስለዚህ ሪከርድ ስታደርጉ ጌሙ እምብዛም አይከብደውም። ኢንቴልም ኩዊክ ሲንክ የሚባል አለው፣ ከ2011 ጀምሮ። ኤኤምዲም የራሱ አለው።

ኤች 264፣ ኤችኢቪሲ፣ ኤቪ1 የሚሉ የመጭመቂያ ዘዴዎች ምርጫ ሊመጣላችሁ ይችላል። የኋለኞቹ በትንሽ ፋይል ጥሩ ምስል ያስቀምጣሉ። ችግሩ ኤዲት ስታደርጉ ነው። መለስተኛ ማሽን ላይ ኤችኢቪሲ ፋይል ቆርጦ መቀጠል ትዕግስት ይፈታተናል፤ አይጡን ጎትታችሁ ምስሉን ትጠብቃላችሁ። ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ ኤች 264 ይሁን። ዲስክ ከጊዜ ይረክሳል።

ዋናው ቁጥር

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ሬት ኮንትሮል የሚል ሳጥን አለ። ሲቢአር ላይ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። ሲቢአር ማለት በየሰከንዱ እኩል ዳታ ማውጣት ነው። ለቤት ወጪ በቀን እኩል ብር እንደመመደብ በሉት፤ ፆምም ሆነ ፋሲካ ያው ነው። ሜኑ ላይ ቆማችሁ ምንም በማይንቀሳቀስበት ሰዓት ዳታው ይባክናል። ፍንዳታው ሲመጣ ደግሞ ያጥራል። ለላይቭ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም የኢንተርኔቱ ቱቦ ስፋት የተወሰነ ነው። ለዲስክ ግን ከንቱ ነው።

ሲኪውፒ የሚለውን ምረጡ። በዚህኛው የምትነግሩት ጥራቱን ነው፤ ወጪውን እሱ እንደ ዕለቱ ያወጣል። ሲከፈት አንድ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ይህ ቁጥር የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። ሚኪ ይህን ስነግረው ወዲያው «በቃ ዜሮ እናድርገው» አለ። ዜሮ ብታደርጉት ዲስኩ በአንድ ምሽት ያልቃል፣ ማጫወቻውም ፋይሉን መሸከም ያቅተዋል። ዓይናችሁ ግን ልዩነት አያይም።

ከ20 ጀምሩ። ቀለም የምታስተካክሉበት፣ በደንብ የምታቀናብሩት ከሆነ 18 ወይም 16። ለማስታወሻ ብቻ የምታስቀምጡት ከሆነ 23፣ 24 ይበቃል። ከ15 በታች መውረድ ዲስክ ማቃጠል ነው። በግምት ቁጥሩን በ6 ስትቀንሱት የፋይሉ መጠን እጥፍ ይሆናል።

እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። ያንኑ ቦታ በ16፣ በ20 እና በ24 አንዳንድ ደቂቃ እቀርጻለሁ። ከዚያ ካሜራው በፍጥነት የሚዞርበት ላይ አቁሜ በሙሉ ስክሪን አየዋለሁ። ከሚኪ ጋር ያቆምነው ሞተሩ ድልድይ ስር ሲያልፍ ነው። በ24 የአስፋልቱ ነጭ መስመር ጠርዙ ላይ ሟሟ ብሏል። በ20 መስመሩ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ የወደቀው የመብራት ነፀብራቅም አለ። በ16 እና በ20 መካከል ግን እኔ በሥራዬ ለምጄው እንኳ አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ካልተከልኩ መለየት አቃተኝ። 20 ላይ ተውነው።

የቀሩት ትንንሾቹ፦ ፕሪሴቱን ፒ5፣ ቱኒንጉን ሃይ ኳሊቲ፣ ኪፍሬሙን 2 ሰከንድ አድርጉ። ሉክ አሄድ የሚለውን አጥፉት፤ ከግራፊክስ ካርዱ ለጌሙ የሚሆነውን ጉልበት ይሻማል።

የዲስኩን ሒሳብ አስቀድማችሁ ሥሩ። የጌም ቪዲዮ በዚህ ሴቲንግ እንደ ጌሙ ዓይነት ብዙ ይለያያል። በአማካይ 40 ሜጋቢት ቢወጣው በደቂቃ 300 ሜጋባይት፣ በሰዓት 18 ጊጋ ነው። ዊንዶውስ ያለበትን ክፍል አትሙሉት፤ ሌላ ፎልደር ስጡት። እግረ መንገዴን፣ 2 ቴራ የሚል በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ካያችሁ እለፉት። እኔ አንዴ ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ፤ ሲሞላ ዝም ብሎ የቀደመውን እየደፈጠጠ ይጽፋል። ለሰርግ ሥራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ተደብቄ ነበር።

መብራት ሲጠፋ

ባለፈው ክረምት ጓደኛዬ ከአዳማ መጥቶ ኳስ ገጠምን። በተከታታይ 3 ጨዋታ አሸነፍኩት፣ የሚሆን አይደለም። ሁሉንም እየቀረጽኩ ነው። አራተኛው አጋማሹ ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም። የኔ ዴስክቶፕ ነው፣ ዩፒኤስ የለውም። መብራቱ ሲመጣ ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ትልቅ ነው፣ አይከፈትም። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ድረስ «ማስረጃ አምጣ» ይለኛል።

ጥፋቱ የኔ ነው። የቀረጽኩት በኤምፒ4 ነበር። ተራ ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ፣ መጨረሻ ላይ ነው። የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚናገረው ያ ማውጫ ነው። በመሀል መብራት ከጠፋ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ከቆመ፣ ወይም ዲስኩ ከሞላ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀራል። ምስሉ ውስጡ አለ፤ ማጫወቻው ግን አያገኘውም።

ስለዚህ ሪከርዲንግ ፎርማት የሚለውን ኤምኬቪ አድርጉት። መብራት ቢጠፋ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተቀረጸው ይተርፋል፤ ቢበዛ የመጨረሻዋን ጥቂት ሰከንድ ታጣላችሁ። የኤዲቲንግ ፕሮግራማችሁ ኤምኬቪ አልቀበልም ካለ ኦቢኤስ ውስጥ ፋይል የሚለው ሜኑ ላይ ሪሙክስ የሚል አለ። ፋይሉን ስትሰጡት ወደ ኤምፒ4 ያዛውረዋል። እንደገና ስለማይጨምቀው ጥራት አይነካም፣ ጊዜም አይፈጅም። ከ2024ቱ 30.2 ቨርዥን ወዲህ ደግሞ ሃይብሪድ ኤምፒ4 የሚል መጥቷል፤ ድንገት ቢቋረጥም ፋይሉ እንዲተርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። እኔ ግን አንዴ ስለተቃጠልኩ ኤምኬቪን አልለቅም።

ሁለቱ ቁጥሮች

ይሄን ሁሉ አስተካክለን ቀረጽን። ምስሉ ጠራ። ግን ይዘላል። ሞተሩ እየሄደ ድንገት ጭራሽ ይቆምና ሁለት ሜትር ወደፊት ብቅ ይላል። ሚኪ «ስጫወት እንዲህ አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው።

ኦቢኤስ ስታትስ የሚባል መስኮት አለው፤ ከላይ ካለው ሜኑ ፈልጉት። ብዙ ቁጥር ይዘረዝራል። የምትፈልጉት ሁለቱን ነው። አንዱ በሬንደሪንግ ላግ ያመለጡ ፍሬሞች የሚለው ነው። ሌላው በኢንኮዲንግ ላግ የተዘለሉ የሚለው ነው። ሰው ሁለቱን እያምታታ ነው ያልተበላሸውን የሚጠግነው።

በ3 ደቂቃ 10,800 ፍሬም ነው መቀረጽ ያለበት። ሚኪ ጋ ከዚህ ውስጥ 1,900 ገደማው በሬንደሪንግ ላግ አምልጧል። የኢንኮዲንጉ ዜሮ ነው። ይህ ማለት ኢንኮደሩ ምንም አልሆነም፤ የቀረበለትን ሁሉ ጨምቋል። ያልቀረበለትን ነው ያላገኘው። ኦቢኤስ ምስሉን ከጌሙ ወስዶ ለማዘጋጀት እሱም ከግራፊክስ ካርዱ ትንሽ ጉልበት ይፈልጋል። ጌሙ 99 በመቶውን ይዞት ሲቀመጥ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ተጫዋቹ ይህን አያየውም። የሚያየው ቪዲዮው ነው።

መፍትሔው ጌሙ ውስጥ ነው። ቪሲንክ አብርተን ጌሙን 60 ፍሬም ላይ ቆለፍነው። ሣሩንና ጥላውን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረግን። ኤምኤስኤኤ የሚለውን ጠርዝ ማለስለሻ አጠፋነው፤ ጂቲኤ ላይ እሱ ብቻውን ብዙ ይበላል። ኦቢኤስን ደግሞ በቀኝ ክሊክ እንደ አድሚኒስትሬተር ከፈትነው፤ ዊንዶውስ ላይ እንዲህ ሲከፈት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ቅድሚያ ያገኛል። እንደገና 3 ደቂቃ። ያመለጠው 4 ፍሬም፤ እሱም ጌሙ ሲጫን ነው።

ሚኪ ጥላው በመቀነሱ ቅር አለው። ቪዲዮው ላይ የቱ ጋ እንደተቀነሰ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። እስካሁን እየፈለገ ነው።

እናንተ ጋ የኢንኮዲንጉ ቁጥር ከሆነ የሚጨምረው፣ ያኔ የጌሙን ጥላ መቀነስ ዋጋ የለውም። ፕሪሴቱን ከፒ5 ወደ ፒ4 ወይም ፒ3 አውርዱት። ኤክስ264 ላይ ከሆናችሁ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ኢንኮደር ተሻገሩ። ካልሆነም ወደ 30 ፍሬም።

ሁልጊዜ የምትፈትኑት ጌሙ በጣም በሚከብድበት ቦታ ይሁን። ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ የተፈተነ ሴቲንግ ውጊያው ሲጀመር ነው ጉድ የሚሠራችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ይሰካ፤ በባትሪ ሲሆን ራሱን ያዳክማል።

ጥቁር ስክሪን

ላፕቶፕ ላይ አንዳንዴ ድምጹ ይቀረጻል፣ ምስሉ ጥቁር ነው። ብዙ ላፕቶፕ ሁለት ግራፊክስ አለው፤ የኢንቴሉና የኤንቪዲያው። ጌሙ በአንዱ፣ ኦቢኤስ በሌላው ከተከፈቱ አይተያዩም። ሶርስ ስትጨምሩ ጌም ካፕቸር የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ውስጥ ገብታችሁ ኦቢኤስን ጌሙ ባለበት በጠንካራው ካርድ እንዲከፈት አድርጉ። ሙሉ ስክሪኑን የሚቀርጸውን ዲስፕሌይ ካፕቸር የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ብዙ ጊዜ የኢንቴሉ ስለሆነ ኦቢኤስ በእሱ ይከፈት። እኔ ጌም ካፕቸርን ነው የምመርጠው፤ መሀል ላይ የመጣ የቴሌግራም መልእክት ቪዲዮው ላይ ብቅ አይልም።

ድምጽ

ሚኪ ቪዲዮው ላይ እያወራ ነው የሚጫወተው። አንደኛው ላይ፣ ፖሊስ ከቦት፣ እሱ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሲሸሽ፣ ከጓዳ የእህቴ ድምጽ ይመጣል፦ «አንተ ሚኪ! ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!» እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሱ ግን ያንን ማውጣት ፈልጎ ነበር። አይቻልም፤ የጌሙም የማይኩም ድምጽ አንድ ላይ ተለውሷል።

ለይታችሁ ቅረጹ። አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ የሚለው ውስጥ ከ1 እስከ 6 ቁጥሮች አሉ፤ ትራክ ይባላሉ። 1 ላይ ሁሉም ይሁን፣ 2 ላይ ጌሙ ብቻ፣ 3 ላይ ማይኩ ብቻ። ከዚያ አውትፑት፣ ሪከርዲንግ ውስጥ ተመልሳችሁ 1፣ 2፣ 3ን ምልክት አድርጉ። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ተራ ማጫወቻ የመጀመሪያውን ትራክ ብቻ ያሰማል፤ ኤዲቲንግ ላይ ግን ሦስቱም ይዘረገፋሉ። እናት ስትጣራ 3ን ዝም ታሰኛላችሁ፣ የፖሊሱ ሳይረን ይቀጥላል።

ሳምፕል ሬቱ 48 ኪሎኸርትዝ ይሁን። የድምጽ ቢትሬቱን ለየትራኩ 192 ወይም 320 አድርጉት፤ ከቪዲዮው አንጻር ምንም ቦታ አይወስድም። ስታወሩ የማይኩ መስመር ቢጫው ላይ ይጫወት፤ ቀዩን ከነካ ድምጹ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምጽ ደግሞ መድኃኒት የለውም። የጎረቤት ጄኔሬተር ካለ ማይኩ ላይ ኖይዝ ሰፕሬሽን የሚል ፊልተር ጨምሩ።

ግራፊክስ ካርድ ከሌለ

ኢንቴል ብቻ ያለው ላፕቶፕ ላይም ይቻላል። ኩዊክ ሲንክን ምረጡ። ሬት ኮንትሮሉ ላይ አይሲኪው የሚል ካለ እሱን፣ ቁጥሩን 22 አካባቢ አድርጉ። 1280 በ720፣ 30 ፍሬም። እንደ ፔስ 2017 ያለ ቀለል ያለ ጌም በዚህ ያምራል። ብሮውዘሩን ዝጉ፤ 8 ጊጋ ራም ላይ 20 ታብ ከፍቶ ጌም መቅረጽ የለም። ዊንዶውስ ራሱ ከኋላ የሚቀርጽበት ነገር በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ ሁለት ቀራጭ አያስፈልግም።

ረጅም ሰዓት ቀርጻችሁ አንዲት ጎል ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሪፕሌይ በፈር የሚለውን አብሩ። የመጨረሻውን 60 ሰከንድ፣ ወይም የወሰናችሁትን ያህል፣ ራም ላይ ይዞ ይጠብቃል። ጎሉ ሲገባ የመደባችኋትን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ያቺ ብቻ ትቀመጣለች። ዲስክ ለሌለው ሰው እንደዚህ ያለ ነገር የለም።

ስትለቁት

በሰዓት 18 ጊጋ የሚመዝን ፋይል እንዳለ ወደ ኢንተርኔት አይጫንም። ዩቲዩብ ለ1080 በ60 ፍሬም የሚመክረው 12 ሜጋቢት ነው። በዚያ 10 ደቂቃ 900 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ዩቲዩብ ደግሞ እሱም እንደገና ይጨምቀዋል። በ1440 የተጫነ ቪዲዮ የተሻለ ኮዴክ (የመጭመቂያ ዘዴ) ስለሚያገኝ 1080ውን ወደ 1440 አሳድጎ መጫን የታወቀ ዘዴ ነው። ቅድም አሳድጎ መቅረጽ ከንቱ ነው ብዬ ነበር፤ እዚህ ግን የሚጠቅመው ምስሉን ስለሚያሻሽል ሳይሆን የዩቲዩብ መጭመቂያ ስለሚራራለት ነው። የሚመከረው 24 ሜጋቢት ስለሆነ ዳታው እጥፍ ይሄዳል። እኔ ለአጫጭሮቹ ብቻ ነው የማደርገው፣ በሌሊት ጥቅል። በቴሌግራም ለጓደኛ ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ስልኩ ራሱ ያቦካዋል።

ሚኪ ማክሰኞ ደውሎ ነበር። 25 ደቂቃ ቀርጿል፣ 7 ጊጋ ሆኗል፣ የስታትሱ ሁለቱም ቁጥሮች ዜሮ። «ግን ፍላሹ አልቀበልም አለ ጋሼ። ባዶ ነው፣ 32 ጊጋ ነው፣ ፋይሉ ትልቅ ነው ይላል።» ፍላሹ ፋት32 ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ባዶ ቢሆንም። ውስጡ ያለውን ወደ ላፕቶፑ አውጥቶ፣ በቀኝ ክሊክ ፎርማት ብሎ፣ ኤክስፋት የሚለውን እንዲመርጥ ነገርኩት። ቅዳሜ ይዞት ይመጣል።